የዘገየ መጠይቅን መመርመር፦ ፖስትግሬስ ይዟቸው የሚመጣቸው መሣሪያዎች ሲገመገሙ

ዳታቤዝ ሲዘገይ በብዙ የሥራ ቡድኖች ዘንድ መጀመሪያ የሚቀርበው ሐሳብ የሰርቨሩን አቅም ማሳደግ ነው። ሜሞሪ ይጨመራል፣ ፈጣን ዲስክ ይገዛል፣ ችግሩም ለጊዜው የተወገደ ይመስላል፤ ሠንጠረዦቹ እያደጉ ሲሄዱ ግን ያው ዝግመት ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የወጣው ምን እንደዘገየና ለምን እንደዘገየ ሳይታወቅ ነው። ይህ ግምገማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያገለግሉና ፖስትግሬስ ከተባለው ዳታቤዝ ጋር አብረው የሚመጡ ሦስት መሣሪያዎችን ይመለከታል። የመጀመሪያው የትኛው መጠይቅ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ ወይም ትእዛዝ) ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚመዘግበው ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ነው፤ ሁለተኛው አንድ መጠይቅ በምን መንገድ እንደሚፈጸም የሚያሳየው ኤክስፕሌን ነው፤ ሦስተኛው ይህንኑ መንገድ በራሱ ጊዜ ወደ ሎግ (ሰርቨሩ ክንውኑን ወደሚጽፍበት ፋይል) የሚጽፈው አውቶ ኤክስፕሌን ነው። ሦስቱም ክፍያ አይጠየቅባቸውም። አስተያየቴን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ በክፍያ የሚሰጥ የክትትል አገልግሎት ከመግዛት በፊት እነዚህን ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከሚያሳዩት ቁጥር ሁሉ ደግሞ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ዳታቤዙ አገኛለሁ ብሎ በገመተው የረድፍ ብዛትና በተግባር ባገኘው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ነው። ይህ ቅጥያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከ8.4ኛው ስሪት ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ያለውን ጥቅም ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው በ9.2 ስሪት ነው። ከዚያ ወዲህ በመጠይቁ ውስጥ ያሉትን ቋሚ እሴቶች አውጥቶ ቅርጻቸው አንድ የሆኑ መጠይቆችን በአንድ መዝገብ ያጠቃልላል፤ ስለዚህ የደንበኛ ቁጥሩ ብቻ የሚለያይ መቶ ሺህ መጠይቅ በአንድ ረድፍ ተደምሮ ይታያል። ለእያንዳንዱ ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ በድምሩ ስንት ጊዜ እንደፈጀ፣ አማካዩን፣ ትንሹንና ትልቁን ጊዜ፣ እንዲሁም ስንት ገጽ (ዳታቤዙ መረጃን በአንድ ጊዜ የሚያነብበት ክፍል) ከሜሞሪና ስንት ገጽ ከውጭ እንዳነበበ ያሳያል።

ብዙ ሰው ይህን መዝገብ ሲከፍት በአማካይ ጊዜ ይደረድረውና ከላይ የመጣውን መጠይቅ ማሻሻል ይጀምራል፤ ይህ ግን ትኩረትን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል። በቀን አንድ ጊዜ የሚጠራና 40 ሰከንድ የሚፈጅ የሪፖርት መጠይቅ አለ እንበል፤ ከእርሱ ጎን ደግሞ 2 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ነገር ግን በቀን 3 ሚሊዮን ጊዜ የሚጠራ ትንሽ መጠይቅ አለ። ሁለተኛው በቀን 100 ደቂቃ የሚሆን የሰርቨር ጊዜ ይወስዳል፤ በአማካይ ሲደረደር ግን ከዝርዝሩ ግርጌ ተደብቆ ይቀራል። መደርደር የሚገባው በድምር ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ መጠይቅ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ መጀመሪያ አንድ ዝርዝር አምጥቶ ከዚያ ለዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሌላ መጠይቅ ስለሚልክ የሚመጣ ነው፤ ይህን ኢንዴክስ (ረድፍን በፍጥነት ለማግኘት የሚሠራ ማውጫ) አያድነውም፣ ምክንያቱም መጠይቁ ራሱ ፈጣን ነው። መፍትሔው ያለው በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ነው፣ ያን ሁሉ ጥሪ በአንድ መጠይቅ ማሰባሰብ።

የዚህ መሣሪያ ጉድለቶች ቀላል አይደሉም። ሥራ ላይ ለማዋል ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ መጫን ስላለበት፣ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ድርጅት ችግር በተፈጠረበት ሰዓት ሰርቨሩን እንደገና ለማስነሳት ይገደዳል። የሚያሳየው ቆጠራው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ወዲህ የተጠራቀመውን ድምር ብቻ ስለሆነ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ የፈለገ ሰው በየተወሰነ ጊዜው የመዝገቡን ቅጂ እየወሰደ በሌላ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ አለበት። አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንጂ ፐርሰንታይል አይሰጥም፤ ከመቶ ተጠቃሚ አንዱ የሚያየውን አስከፊ መዘግየት ከዚህ መዝገብ ማንበብ አይቻልም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ተፈጽሞ ያላለቀ መጠይቅ የማይመዘገብ መሆኑ ነው። የጊዜ ገደብ ተጥሎ 30 ሰከንድ ሲሞላው የሚሰረዝ መጠይቅ ካለ፣ ሰርቨሩን በእጅጉ የሚያደክመው እርሱ ሆኖ ሳለ በመዝገቡ ውስጥ ስሙ አይገኝም። ስለዚህ የስረዛ መልእክቶችን ከሎግ ውስጥ ለብቻ መፈለግ የምርመራው አካል መሆን ይኖርበታል።

ተጠርጣሪው መጠይቅ ከተለየ በኋላ ሥራው ወደ ኤክስፕሌን ይሸጋገራል፤ የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ፖስትግሬስ አንድን መጠይቅ ለመፈጸም የሚያስችሉ መንገዶችን ያወዳድራል፤ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፣ በኢንዴክስ መፈለግ፣ ሁለት ሠንጠረዦችን በኔስትድ ሉፕ (ለአንዱ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሌላውን እየፈለጉ) ወይም በሃሽ ጆይን (አንዱን በሜሞሪ ውስጥ በቁልፍ አደራጅቶ ሌላውን ከእርሱ ጋር በማነጻጸር) ማገናኘት፣ እያንዳንዱ የየራሱ የዋጋ ግምት ይሰጠውና ዝቅተኛው ይመረጣል። ይህ አሠራር መሠረቱ በአይቢኤም ሲስተም አር ፕሮጀክት የተጣለ ሲሆን፣ ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ጥናት ዛሬ ድረስ የአብዛኞቹ ዳታቤዞች ዕቅድ አወጣጥ የሚከተለውን መንገድ አሳይቷል። በኤክስፕሌን ውጤት ላይ የሚታየው ዋጋ ሰከንድም ሚሊሰከንድም አይደለም፤ አንድን ገጽ በቅደም ተከተል ማንበብ 1 ተብሎ፣ ከዘፈቀደ ቦታ ማንበብ ደግሞ 4 ተብሎ ከተቀመጠበት መለኪያ የሚነሳ ነው። ይህ የ4 ለ1 ምጥጥን የሚሽከረከር ዲስክን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ፣ ኤስኤስዲ ላይ የሚሠራ ሰርቨር ያለው ሰው ሁለተኛውን ቁጥር ወደ 1.1 አካባቢ ማውረዱ የተለመደ ነው፤ እኔም ይህን እደግፋለሁ፣ ካልተደረገ ዕቅድ አውጪው ኢንዴክስን ካለ በቂ ምክንያት ሲሸሽ ይታያል።

ኤክስፕሌን ብቻውን ሲጠራ መጠይቁን ሳይፈጽም ዕቅዱን ያሳያል፤ አናላይዝ የሚለው ሲታከልበት ግን መጠይቁን በእርግጥ ይፈጽምና ከግምቱ ጎን እውነተኛውን ጊዜና የረድፍ ብዛት ያስቀምጣል። መረጃን የሚያሻሽል ወይም የሚሰርዝ ትእዛዝ በዚህ መንገድ ሲመረመር መረጃው በእርግጥ ይለወጣል፤ ስለዚህ በትራንዛክሽን ውስጥ አስገብቶ በሮልባክ (ለውጡን በሚሽረው ትእዛዝ) መመለስ ግዴታ ነው።

አሁን በግምትና በእውነታ መካከል ወዳለው ልዩነት እንምጣ። 10 ሚሊዮን ረድፍ ያለው የመኪናዎች ሠንጠረዥ ቢኖረንና መጠይቁ በአምራችና በሞዴል ቢያጣራ፣ የአምራቹ ድርሻ 5 በመቶ፣ የሞዴሉ ድርሻ ደግሞ 1 በመቶ ነው እንበል። ዕቅድ አውጪው ሁለቱ ዓምዶች አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት የላቸውም ብሎ ስለሚያስብ ሁለቱን ድርሻዎች ያባዛና 5,000 ረድፍ እንደሚያገኝ ይገምታል። እውነታው ግን ያን ሞዴል የሚሠራው ያው አምራች ብቻ ስለሆነ የሚገኘው 100,000 ረድፍ ነው፤ ግምቱ በ20 እጥፍ አንሷል። በዚህ ስሕተት ላይ ተመሥርቶ ኔስትድ ሉፕ ይመረጣል፣ ምክንያቱም 5,000 ጊዜ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ኢንዴክስ መሄድ ርካሽ ይመስላል፤ በተግባር ግን ጉዞው 100,000 ጊዜ ይሆናል። ተጨማሪ ማጣሪያዎች ሲኖሩ ማባዛቱ ይቀጥልና ግምቱ እስከ 1 ረድፍ ሊወርድ ይችላል። ኤክስፕሌን አናላይዝ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያጋልጣል፦ በአንድ በኩል የተገመተው፣ በሌላ በኩል የተገኘው ረድፍ። ለዚህ ችግር ኢንዴክስ መጨመርም ሆነ ሜሞሪ መግዛት መፍትሔ አይሆንም፤ ከ10ኛው ስሪት ጀምሮ ባለው ክሪዬት ስታቲስቲክስ በተባለው ትእዛዝ የሁለቱን ዓምዶች ጥገኝነት ማስመዝገብና ሠንጠረዡን ራሱን በቻለው የአናላይዝ ትእዛዝ (ከኤክስፕሌን ጋር ከሚታከለው የተለየ ነው) እንደገና ማስቃኘት በቂ ነው።

ግምቱ የሚሳሳትበት ሌላው የተለመደ ምክንያት ዳታቤዙ ስለ ሠንጠረዡ ይዘት የያዘው ስታቲስቲክስ ማርጀቱ ነው። በነባሪው ቅንብር ከሠንጠረዡ 10 በመቶ ያህሉ ረድፍ እስኪለወጥ ድረስ አውቶቫኪውም የተባለው በራሱ የሚሠራ የጽዳትና የቅኝት ሂደት አዲስ ቅኝት አያደርግም፤ በጣም ትልቅ በሆነ ሠንጠረዥ ላይ ይህ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ የዛሬ ቀን የሚጠየቅበት መጠይቅም ዳታቤዙ ዛሬ የሚባል ቀን መኖሩን ሳያውቅ ይታቀድለታል። ቅኝቱ የሚወስደው ናሙና ደግሞ በነባሪው 30,000 ረድፍ ነው፤ ስርጭቱ እጅግ ላልተመጣጠነ ዓምድ ይህ ሊያንስ ስለሚችል ለዚያ ዓምድ ብቻ ማሳደግ ይቻላል። ለሁሉም ማሳደግን አልመክርም፤ ቅኝቱንም ዕቅድ ማውጣቱንም ያዘገየዋል።

የኤክስፕሌን አናላይዝ አቀራረብ ግን ለአዲስ አንባቢ ምሕረት የለውም። ትልቁ ወጥመድ አንድ እርከን ስንት ዙር እንደተደገመ የሚናገረው ሉፕስ የሚለው ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ የዕቅዱ እርከን ላይ የሚታየው ጊዜ የአንድ ዙር አማካይ እንጂ ድምር አይደለም፤ 0.05 ሚሊሰከንድ የሚል እርከን ሉፕሱ 100,000 ከሆነ 5 ሰከንድ ፈጅቷል ማለት ነው። ይህን ሳያባዛ የሚያነብ ሰው ጥፋተኛውን እርከን አልፎ ሌላውን ይከስሳል። የረድፍ ብዛቱም በተመሳሳይ መንገድ የአማካይ ቁጥር ሲሆን፣ ከ18ኛው ስሪት በፊት ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋ ስለነበር በየዙሩ ግማሽ ረድፍ የሚያገኝ እርከን እውነቱን አያሳይም ነበር፤ አሁን ክፍልፋዩ ይታያል፣ ትንሽ ቢመስልም በደስታ የምቀበለው ማሻሻያ ነው።

በአንጻሩ በማጣሪያ የተወገዱትን ረድፎች የሚቆጥረው መስመር ከመሣሪያው ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። ኢንዴክሱ 80,000 ረድፍ አምጥቶ ማጣሪያው 79,950 የሚጥል ከሆነ ኢንዴክሱ አለ ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የዓምዶቹ ስብስብ ወይም ቅደም ተከተል ለመጠይቁ አይስማማም ማለት ነው። በእኩልነት የሚፈለጉትን ዓምዶች አስቀድሞ፣ በክልል የሚፈለገውን፣ ለምሳሌ ቀንን፣ አስከትሎ የጋራ ኢንዴክስ መሥራት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ዕቅዱ ከዚህም የረቀቀ ነገር ያሳያል። ዓምዱ ኢንቲጀር ሆኖ ፕሮግራሙ እሴቱን በኑሜሪክ ዓይነት ከላከ፣ ዳታቤዙ ዓምዱን ራሱን ወደ ኑሜሪክ ይቀይረውና ኢንዴክሱ ሥራ ላይ አይውልም፤ መጠይቁን ሲያነቡት ምንም ስሕተት የለበትም፣ የማጣሪያውን መስመር ሲያነቡ ግን ቅየራው በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በዓምድ ላይ ተግባር ሲጠራም ውጤቱ ያው ነው፤ የኢሜይል አድራሻን ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሮ የሚፈልግ መጠይቅ በዚያው ቅየራ ላይ የተሠራ ኢንዴክስ ያስፈልገዋል።

የተነኩትን ገጾች የሚቆጥረው ባፈርስ የሚለው አማራጭ ለማወዳደር ከጊዜ የተሻለ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ መጠይቅ ሁለተኛ ጊዜ ሲሮጥ የሚፈጥነው ገጾቹ ሜሞሪ ውስጥ ስለተገኙ ሊሆን ይችላል፤ ለውጡን ያመጣው ማሻሻያችን ነው ወይስ ካሹ (ገጾች ለጊዜው የሚቀመጡበት ሜሞሪ) የሚለውን በጊዜ ብቻ መለየት አይቻልም። የተነኩት ገጾች ብዛት ግን ካሹ ሞቀም ቀዘቀዘም ብዙ አይለዋወጥም። እያንዳንዱ ገጽ 8 ኪሎባይት ስለሆነ 50 ረድፍ ለመመለስ 131,072 ገጽ የነካ መጠይቅ 1 ጊጋባይት አገላብጧል ማለት ነው፤ ይህ ቁጥር ከማንኛውም የጊዜ ልኬት ይልቅ ችግሩን ይናገራል። እስከ 17ኛው ስሪት ድረስ ይህን አማራጭ በእጅ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ በ18ኛው ከአናላይዝ ጋር ሳይጠየቅ ይመጣል። ከውጭ ተነበበ የሚባለው ገጽ ሁሉ ከዲስክ ላይመጣ እንደሚችልም መታወቅ አለበት፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካሽ በመሐል አለና።

የመደርደር እርከን ወደ ዲስክ እንደወጣ የሚናገር መስመር ካሳየ ወርክ ሜም የተባለው ቅንብር አንሷል ማለት ነው፤ ነባሪው 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ መጠን ለሰርቨሩ በጠቅላላ የተመደበ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግንኙነት በእያንዳንዱ የመደርደር ወይም የሃሽ እርከን ሊጠቀምበት ይችላል። ለሁሉም አሳድጎ ሰርቨሩን ከሜሞሪ ከማራቆት ይልቅ ለሪፖርት መጠይቁ ብቻ በዚያው ሴሽን ውስጥ ማሳደግ ይመረጣል።

ኤክስፕሌን የማያያቸው ነገሮች አሉ። ውጤቱን ወደ ተጠቃሚው ፕሮግራም ለመላክ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም፤ ትልልቅ የጽሑፍ ዓምዶችን የሚመልስ መጠይቅ በኤክስፕሌን ፈጣን፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ግን ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። በ17ኛው ስሪት የመጣው ሲሪያላይዝ የተባለ አማራጭ መረጃውን ለመላክ የማዘጋጀቱን ሥራ ይለካል፣ የኔትወርኩን ጉዞ ግን አይጨምርም። ሌላ መጠይቅ የያዘውን ሎክ (ቁልፍ) ሲጠብቅ የቆመ መጠይቅም ዕቅዱ ፍጹም ሆኖ ሳለ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል፤ ለዚህ መታየት ያለበት ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ሲሆን፣ ከ9.6 ስሪት ጀምሮ መጠይቁ ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል፤ ማን እንዳገደው ደግሞ በዚያው ስሪት የመጣው ፒጂ ብሎኪንግ ፒአይዲስ የተባለው ተግባር ያሳያል። በዝግመት ሰዓት ኢንዴክስ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ይህን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሌላው ስውር ጉዳይ አስቀድመው የተዘጋጁ፣ ማለትም ቅርጻቸው አንድ ጊዜ ተልኮ እሴታቸው ብቻ በየጊዜው የሚቀየር መጠይቆችን ይመለከታል። ፖስትግሬስ ለእንዲህ ያለ መጠይቅ የመጀመሪያዎቹን 5 ጊዜ እሴቶቹን እያየ ዕቅድ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እሴት የማያይ አጠቃላይ ዕቅድ በዋጋ የሚመጣጠን መስሎ ከታየው በእርሱ ይቀጥላል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ እሴቱን በቀጥታ ጽፎ ሲሞክረው የሚያየው ዕቅድና ፕሮግራሙ በተግባር የሚያገኘው ዕቅድ ሊለያዩ ይችላሉ፤ «እኔ ጋ ፈጣን ነው» የሚለው የዘወትር ክርክር ከሚነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አውቶ ኤክስፕሌን ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከተወሰነ ጊዜ በላይ የፈጀውን መጠይቅ በተፈጸመበት ቅጽበት ከነበረው ዕቅድ ጋር ወደ ሎግ ስለሚጽፍ፣ በኋላ በሌላ ሁኔታ ለመድገም መሞከር አያስፈልግም። እውነተኛውን የረድፍ ብዛት እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን ገደቡን ያለፉትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም መጠይቅ መለካት ስለሚኖርበት ሸክሙ ይሰማል፤ የእርከኖቹን የጊዜ ልኬት ዘግቶ የረድፍ ቆጠራውን ብቻ ማስቀረት ወይም ከመጠይቆቹ ጥቂቱን በናሙና መውሰድ ሸክሙን ያቃልለዋል። ግምትና እውነታን ለማነጻጸር የረድፍ ቆጠራው ስለሚበቃ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሎጉ የደንበኞችን መረጃ የያዙ እሴቶችን ሊይዝ እንደሚችልም ታስቦ ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል።

ከሌላው ዳታቤዝ ከማይኤስኪውኤል ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ እርሱም ከ8.0.18 ስሪት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ማለት ነው፣ የራሱ ኤክስፕሌን አናላይዝ አለው፤ የዘገዩ መጠይቆች ሎጉ ግን በነባሪው 10 ሰከንድ ያላለፈውን ስለማይመዘግብ ለዛሬ ድረ ገጽ እጅግ የላላ ነው፣ መቀየር አለበት። በአንድ ነገር ግን ይበልጣል፦ ኢንዴክስን ሳያጠፉ ከዕቅድ አውጪው ዓይን መሰወር ያስችላል። ፖስትግሬስ ይህ ስለሌለው ጥቅም ላይ አይውልም የተባለን ኢንዴክስ ማጥፋት ሁልጊዜ ድፍረት ይጠይቃል። ያልተነኩ ኢንዴክሶችን የሚቆጥር መዝገብ አለ፤ ሆኖም ቆጠራው በየሰርቨሩ የተለየ ስለሆነ በዋናው ሰርቨር ላይ ዜሮ የሆነ ኢንዴክስ ለንባብ ብቻ በሚያገለግለው ቅጂ ሰርቨር ላይ በየሰከንዱ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱንም ሳያዩ ማጥፋት አይገባም።

ሥራ ለሚጀምር ቡድን የምመክረው 18ኛውን ስሪት ነው። በቀደሙት ስሪቶች ፒጂ አፕግሬድ በተባለው መሣሪያ ወደ አዲስ ዋና ስሪት ሲሸጋገሩ የዕቅድ አውጪው ስታቲስቲክስ ሳይተላለፍ ይቀር ስለነበር፣ ሰርቨሩ በተነሳበት የመጀመሪያ ሰዓት መልካም የነበሩ መጠይቆች ሁሉ በጭፍን ግምት ይታቀዱ ነበር። ወደ 18ኛው ሲሸጋገሩ አብዛኛው ስታቲስቲክስ አብሮ ይሻገራል፤ በክሪዬት ስታቲስቲክስ የተመዘገበው የዓምዶች ጥገኝነት ግን አሁንም አይሻገርም፣ ስለዚህ እርሱ ያለባቸውን ሠንጠረዦች ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት በአናላይዝ ማስቃኘት ያስፈልጋል።